ሃዋርድ ወደ ካንሳስ፦ ሰኞ ማታ ላውረንስ ላይ ምን እንጠብቅ?

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ
ዓርብ፣ ኖቬምበር 1፣ 2024

ሰላም ጎበዝ። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሰኞ ይጀምራል። የሰፈራችን ቡድን ሃዋርድ፣ የዋሽንግተኑ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓመቱን የሚከፍተው ከሜዳው ውጭ ነው፤ ያውም ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ላይ። ካንሳስ በአሶሺየትድ ፕሬስ የቅድመ ውድድር ደረጃ 1ኛ ነው። ሜዳው ደግሞ ላውረንስ ከተማ ያለው አለን ፊልድሃውስ። ለመክፈቻ ከዚህ የከበደ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

እናሸንፋለን ብዬ አልዋሻችሁም። «ያው ተሸንፈው ይመለሳሉ» ብሎ ማለፉ ግን አይመቸኝም። ለሚያይ ሰው የሚታይ ነገር ሞልቷል።

ሁለቱ አዲስ ትውውቅ የላቸውም። ሃዋርድ በ1992 ወደ ኤንሲኤኤ ውድድር፣ ማርች ላይ ወደሚደረገው የኮሌጆች አገር አቀፍ ዋንጫ፣ ሲያልፍ መጀመሪያ ዙር ላይ የጠበቀው ካንሳስ ነበር። 100 ለ 67። ከዚያ ሃዋርድ 31 ዓመት ሙሉ ወደ ውድድሩ አልተመለሰም። በ2023 ሲመለስ ማን ደረሰው? ካንሳስ! ዲሞይን ላይ 96 ለ 68። ለአንድ ትምህርት ቤት ይህን ያህል መጥፎ ዕድል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የ2023ቱ ጨዋታ ላይ የካንሳሱ አሰልጣኝ ቢል ሰልፍ አልነበረም። ልቡን ታክሞ ስለነበር ቡድኑን የመራው ምክትሉ ኖርም ሮበርትስ ነው። ሰኞ ግን ራሱ ይቆማል፤ የሚቆምበትም ምክንያት አለው። ሰልፍ በካንሳስ 589 ጊዜ አሸንፏል። አዳራሹ በስሙ የተሰየመለት የድሮው አሰልጣኝ ፎግ አለን 590 አለው። ሰኞ ካሸነፈ እኩል ይሆናሉ። የእኛ ልጆች እንግዲህ የሚደርሱት ሰው ድግስ ላይ ነው።

የእኛንም አሰልጣኝ ኬኒ ብሌክኒን እንዳትንቁት። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ሃያትስቪል ያለው ዲማታ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በታዋቂው አሰልጣኝ ኬ ስር ተጫውቷል። በ2019 ሃዋርድን ሲረከብ የመጀመሪያ ዓመቱ 4 አሸንፎ 29 ተሸነፈ። ሌላ ቦታ ቢሆን በዚያው ሻንጣህን ያዝ ይሉት ነበር። ታገሱት። በ2023 እና በ2024 የሚአክን፣ የሃዋርድን ሊግ፣ ዋንጫ በተከታታይ በላ።

ከነባሮቹ ማርከስ ዶከሪ አለ። ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተኳሽ ነው፤ እጁ ከሞቀ ከሩቅ ይከምርልሃል። ከአዲሶቹ ዓይኔን የጣልኩት ብሌክ ሃርፐር ላይ ነው። ገና አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። የመጀመሪያውን የኮሌጅ ጨዋታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ መጀመር ለእሱ ምን እንደሚሆን ሳስበው እኔን ላብ ላብ ይለኛል።

እኔ የማየው የውጤት ሰሌዳውን አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ደቂቃ ኳስ ስንቴ እንደምንነጠቅ ነው። እዚያ ላይ ከተረጋጋን ጨዋታ እናያለን። ካልተረጋጋን እስከ እረፍት 25 ነጥብ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ሻይ ላፈላ እነሳለሁ።

ግምታችሁን ጣሉ። በጣም የቀረበው ሰው በሌሎቻችን ሂሳብ ክትፎ ይበላል። የእኔ፦ ካንሳስ 84፣ ሃዋርድ 66።

ሾላ ገበያ
ዓርብ

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ኤንቢኤ እንጂ ኮሌጅ ብዙም አልከታተልም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በእኛ ሰዓት መቼ ነው? ደግሞ 1ኛ የተባለ ቡድን ለምንድነው ትንሽ ትምህርት ቤት ጠርቶ የሚጫወተው? ምን ያገኝበታል?

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ
ዓርብ

ወንድሜ እንኳን መጣህ። እሁድ እዚህ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ያለን ልዩነት ከ7 ወደ 8 ሰዓት ይሰፋል። እዚህ ሰኞ ማታ ሲሆን እናንተ ጋ ማክሰኞ ጥቅምት 26 ሊነጋ ሲል ነው። ስልክህን ደውል ሙላው።

ሁለተኛው ጥያቄህ የጨዋታው እምብርት ነው። እዚህ «ጋራንቲ» ይሉታል። ትልቁ ትምህርት ቤት ትንሹን ይጠራዋል፤ መልስ ጨዋታ የለም፤ ለመጣበት ይከፍለዋል። ትልቁ በሜዳው ትኬት ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜም ያሸንፋል፣ ቡድኑንም ይፈትሻል። ትንሹ ገንዘቡን ይወስዳል። የትንሽ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍል ያለዚህ ገንዘብ ዓመቱን መዝለቅ ይከብደዋል።

የሃዋርድ ቤት፣ በር ጂምናዚየም፣ የሚይዘው 2,700 ሰው ነው። አለን ፊልድሃውስ 15,300። ካንሳስ ለምን ወደ እኛ እንደማይመጣ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀዝቃዛ ውሃ
ዓርብ ማታ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ኪራይ ነው። ተማሪ ከክፍሉ ይነሳል፣ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ 15,000 ሰው ፊት በ35 ነጥብ ይደበደባል፣ ትምህርት ቤቱ ቼኩን ይቀበላል። ከዚያ እኛ ቁጭ ብለን «ልምድ ነው» እንላለን። የምን ልምድ? የመሸነፍ?

ደግሞ አንድ ጊዜ አይደለም። የሚአክ ትምህርት ቤቶች ኖቬምበርና ዲሴምበርን ሻንጣ እየጎተቱ ነው የሚያሳልፉት። ጃንዋሪ ሲደርስ ከቁጥር ጎዶሎ ሆነው የራሳቸውን ሊግ ይጀምራሉ።

ግምት፦ ካንሳስ 98፣ ሃዋርድ 55። ክትፎዬን ለብ ለብ አድርጉልኝ።

ከባልቲሞር
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

@ቀዝቃዛ ውሃ፣ ስምህን በደንብ አውጥተሃል።

በኖቬምበር 2019 ኬንታኪ ኢቫንስቪልን 90,000 ዶላር ከፍሎ ጠራ። ያን ጊዜ ኬንታኪ 1ኛ ነበር። ኢቫንስቪል 67 ለ 64 አሸንፎ፣ ቼኩን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ገና ወሩ ሳያልቅ ስቲቨን ኤፍ ኦስቲን ዱክን በራሱ ሜዳ በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 83 ጣለው። ዱክም ያን ጊዜ 1ኛ ነበር። የመጨረሻዋን ነጥብ ኔተን ቤይን ኳስ ነጥቀው ሲሰጡት ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ነው ያስገባት።

ካንሳስ ራሱ አልቀመሰም እንዳትለኝ። በ2006 ኦራል ሮበርትስ እዚያው አለን ፊልድሃውስ ገብቶ 78 ለ 71 አሸነፈ። አሰልጣኙ ማን ነበር? ይሄው ቢል ሰልፍ።

የእኔ ከተማ ልጆችን ደግሞ ሳልጠራ አልተኛም። ዩኤምቢሲ፣ በ2018፣ ቨርጂኒያን 74 ለ 54። በወንዶች ውድድር 16ኛ ተመዳቢ፣ በምደባው ዝቅተኛው ማለት ነው፣ 1ኛውን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። በ20 ነጥብ! በ2023 ሃዋርድ በካንሳስ በተሸነፈበት በዚያው ውድድር ፌርሊ ዲኪንሰን ፐርዱን 63 ለ 58 ደገመው።

ቀዝቃዛ ውሃ
ቅዳሜ

አራት አምስት ጨዋታ ቆጠርክልኝ። በየዓመቱ ስንት መቶ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ እንደሚደረግ ቆጥረሃል? ሎተሪ የወጣላቸውን ብቻ እየጠራህ ትኬት ትሸጥልኛለህ እንዴ?

ከባልቲሞር
ቅዳሜ

የሚሸጥ ነገር የለኝም። «ጨዋታ አይደለም» ላልከው ነው መልስ የሰጠሁት። የማይሆን ነገር ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ
ቅዳሜ

ሁለታችሁም ቀስ።

ቀዝቃዛ ውሃ ስለ ጉዞው ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን አንድ ነገር ረስተሃል። ከሚአክ ወደ ኤንሲኤኤ ውድድር የሚገባው ብዙ ጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ እሱም ማርች ላይ ኖርፎክ ውስጥ የሊጉን ዋንጫ የበላው። ስምንት ትምህርት ቤት፣ አንድ በር። ኖቬምበር ላይ አስር ጊዜ ብትሸነፍ በሩ አይዘጋም። በ2023 ኖርፎክ ስቴትን 65 ለ 64 ያሸነፉት ጄላኒ ዊሊያምስ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት ባስገባው ነፃ ውርወራ ነው። ያ ልጅ እጁ ያልተንቀጠቀጠው ከዚያ በፊት ስንት ጩኸት ውስጥ አልፎ ነው?

ሽንፈቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ምደባው ላይ ነው። አምና ሃዋርድ ዋንጫውን ይዞም በቀጥታ አልገባም። ዴይተን ላይ የማጣሪያ ጨዋታ ነበረበት፤ በዋግነር 71 ለ 68 ተሸነፈ። ሁለት ሶስት ጥሩ ውጤት ከሜዳ ውጭ ቢያመጣ ኖሮ ምናልባት ያ ጨዋታ ባልመጣበት።

የካንሳስ ሲቲ ነርስ
ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ካንሳስ ሲቲ ነው የምኖረው። ባለቤቴ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ስለሆነ በቤታችን ሃይማኖት ሁለት ነው ማለት ይቻላል። ላውረንስ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ፈረቃ ካልያዘኝ አብሬው እሄዳለሁ። ስለ ሜዳው ትንሽ ልንገራችሁ።

ከውጭ ስታዩት ያረጀ የእህል መጋዘን ነው የሚመስለው። በ1955 ነው የተከፈተው። ውስጥ ስትገቡ አብዛኛው መቀመጫ ረጅም አግዳሚ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቃችሁ ነው የምትቀመጡት። ካፖርት ማስቀመጫ ቦታ የለም፣ እግራችሁ ስር ነው። ከላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ የገባ ሁሉ ከፎግ እንዲጠነቀቅ ያስጠነቅቃል።

አሁን የእኛ ልጆች ላይ የሚሆነውን ስሙ። የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች ስም ሲጠራ ተማሪዎቹ በሙሉ ጋዜጣ ዘርግተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። «ማንም ሁኑ፣ እኛ እያነበብን ነው» ማለታቸው ነው። አንድም ሰው ቀና አይልም። ከዚያ የካንሳስ ስም ሲጀመር ያንኑ ጋዜጣ ቀዳደው ወደ ላይ ይበትኑታል። ቁርጥራጩ ሰው ፀጉር ላይ እስኪቀር ይወርዳል። ጩኸቱ ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው፤ ደረታችሁ ውስጥ ነው የምትሰሙት። በ2017 ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር ሲጫወቱ 130.4 ዴሲቤል ተለክቶ ጊነስ መዝግቦታል። እኔ ሥራዬ ጆሮን ስለሚመለከት የጥጥ መድፈኛ ይዤ ነው የምሄደው፤ ባለቤቴ ያፍርብኛል።

ጨዋታው ማለቁ ሲታወቅ ደግሞ «ሮክ ቾክ» እያሉ ቀስ ብለው ያዜማሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው የሚመስለው። ያንን ከሰማችሁ አልቋል፣ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ትችላላችሁ።

ደግሞ ይህንን ጨዋታ የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የካንሳስ የመጀመሪያ አሰልጣኝ እንደነበር ታውቃላችሁ? በጽሑፍ ያወጣቸው 13ቱ ሕጎች ዋናው ቅጂ እዚያው ከአዳራሹ ጎን ባለው ሕንፃ ውስጥ ይታያል። የሚያስቀው ከካንሳስ አሰልጣኞች ሁሉ ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጠው እሱ ብቻ ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ሰውዬ!

ግምት፦ 92 ለ 55 ለካንሳስ። አትቆጡኝ፣ ቤቴ ውስጥ መኖር አለብኝ።

ሾላ ገበያ
እሁድ፣ ኖቬምበር 3

እህቴ በጣም ነው የማመሰግነው። ጋዜጣዋን ለማየት ብቻ እነሳለሁ። ኳስ ሜዳችን ላይ ይሄንን ብናመጣውስ? ጋዜጣ የሚገዛ ጠፋ እንጂ።

ጋሽ ታክሲ
እሁድ

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህ ክር ሲጻፍ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ።

የ1992ቱን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ታክሲ እነዳ ነበር። የሃዋርድ ተማሪ ስጭን ወሬው ሌላ አልነበረም። ካንሳስን ያሰለጥን የነበረው ሮይ ዊሊያምስ ነው፤ ኋላ ወደ ኖርዝ ካሮላይና የሄደው። እኔ ስለ ኳሱ ብዙም አልገባኝም ነበር፤ አንድ ተማሪ ግን ቤቱ እስኪደርስ አስረዳኝ፣ ሒሳቡን ከፍሎም አልወረደም።

ሃዋርድ ለእኛ ዝም ብሎ የሰፈር ትምህርት ቤት አይደለም። ሐኪም መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አሜሪካ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ለኢትዮጵያ ያስተባበሩ ሰው። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን እዚያ ስታስተምሩ ይህን ንገሯቸው። ከጨዋታው ወጣሁ መሰለኝ፣ ልመለስ።

የካንሳሱ ረጅሙ ልጅ፣ ሃንተር ዲከንሰን፣ ከየት ነው? ከአሌክሳንድሪያ! ከእኛው ከቨርጂኒያ። የተማረው ዲማታ ነው፤ የእኛ አሰልጣኝ ብሌክኒ የተማረበት። ቁመቱ 7 ጫማ ከ2 ኢንች። እንግዲህ ሰኞ ማታ የእኛን ልጆች የሚያስጨንቃቸው እዚሁ ሰፈራችን አሳድገን የላክነው ነው።

ካንሳስ 86፣ ሃዋርድ 61።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ
እሁድ

ጋሼ እርስዎ ሲጽፉ ክሩ ይከብዳል። እግዜር ይስጥልን። የዲማታውን ነገር ሳላነሳው ማለፌ ገርሞኛል፤ ከጨዋታው ሁሉ የሚጣፍጠው ታሪክ እሱ ነበር።

ፒክ ኤንድ ሮል
እሁድ ማታ

ታሪኩን ጨረሳችሁ፣ አሁን ኳሱን እናውራ።

ዲከንሰንን አንድ ለአንድ የሚይዝ ሰው ሃዋርድ የለውም። ብዙ ቡድንም የለውም። ቅርጫቱ ስር ኳስ ከተቀበለ አልቋል። ስለዚህ ሁለት ሰው መላክ ግድ ነው። ጥያቄው ሁለተኛው ሰው ከማን ላይ ይነሳል ነው። መልሱ የካንሳሱ ኬጄ አዳምስ። ጠንካራ ነው፣ ይዘላል፣ ይሮጣል፣ ከሩቅ ግን አይተኩስም ማለት ይቻላል። የእሱን ጠባቂ ዲከንሰን ላይ ጣለው። አዳምስ ከርቀት ቢተኩስ «በደስታ» በለው።

የካንሳስ የአምና ችግርም ይሄው ነበር። ተኳሽ አልነበራቸውም፤ ሁሉም መሀል ላይ ተጨናንቆ ዲከንሰን መተንፈሻ አጣ። በሊጋቸው 10 አሸንፈው 8 ተሸነፉ። በማርች ጎንዛጋ 89 ለ 68 አሰናበታቸው። ለዚህ ነው ዘንድሮ ገበያ ወጥተው ተኳሽ የሸመቱት። ዚክ ሜዮ ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት መጣ፤ የላውረንስ ተወላጅ ነው፣ አለን ፊልድሃውስ ሰፈሩ ነው። ራይለን ግሪፈን ከአላባማ፣ ኤጄ ስቶር ከዊስኮንሲን። ከኪንሻሳ የመጣው ፍሎሪ ቢዱንጋም አለ፤ ገና አንደኛ ዓመት ነው ግን ሲዘል ጣሪያ ይነካል።

ታዲያ ክፍተቱ የት ነው? ሁለት ቦታ።

እነዚህ አዲሶቹ ገና አልተዋወቁም። ባለፈው ሳምንት አርካንሳስ ላይ በልምምድ ጨዋታ 85 ለ 69 ተሸንፈዋል። ልምምድ ነው፣ አይቆጠርም፤ ግን ማን የት እንደሚቆም ገና እየተጠያየቁ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ቡድን መግጠም ካለብህ ፌብሩዋሪ ሳይሆን ኖቬምበር 4 ነው።

ሌላው ዲከንሰን ራሱ ነው። ቅርጫቱ ስር ንጉሥ ነው፤ ሜዳ መሀል አውጥተህ ግራ ቀኝ ስታንቀሳቅሰው ግን እግሩ ይከብዳል። ሃዋርድ አምስቱም ተኳሽ የሆነ ቡድን አሰልፎ፣ ዲከንሰን የሚጠብቀው ሰው ደጋግሞ ለኳስ ተሸካሚው ጋሻ ሆኖ እንዲቆም ቢያደርግ ዲከንሰን ሁልጊዜ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ወደኋላ ከቀረ ዶከሪ ይተኩሳል። ከወጣ ከኋላው ሜዳው ባዶ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሰራው ኳሱ ከገባ ነው። ከሩቅ ስትተኩስ ስተህ የሚመለሰውን ኳስ እነሱ ካነሱት ኳስ አቀናባሪያቸው ደዋን ሃሪስ በሶስት ሴኮንድ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጥፎ ተኩስ በኋላ ሁለት ሰው ተመላሽ ኳስ መጠበቅ ትቶ ወዲያው ወደ ኋላ መሮጥ አለበት። ይሄን ልምምድ ላይ መናገር ቀላል ነው።

ካንሳስ 81፣ ሃዋርድ 65።

ቀዝቃዛ ውሃ
እሁድ ማታ

ይሄ ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። አንድ ነገር ልጨምር። አዳምስን ለቆ ዲከንሰን ላይ መክበብ ወረቀት ላይ ያምራል። ዲከንሰን ግን ጥሩ ያቀብላል። ክበቡ ሲመጣ ከላይ ያየዋል፣ ከሁሉም ይረዝማላ። አዳምስ ደግሞ ከሩቅ አይተኩስም እንጂ በመስመሩ ተንደርድሮ ይመጣና ይሰቅላታል። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ከሆነ አዳራሹ ይፈነዳል፤ ከዚያ የ18 ዓመቱን ልጅ ኳስ አምጣ በለው።

ፋውሉስ? ከዲከንሰን ጋር የሚታገለው ልጃችን ገና በሰባተኛው ደቂቃ ሁለት ፋውል ይዞ ቁጭ ይላል። ከቤንች የሚነሳው ደግሞ ከእሱ ያጥራል።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ
እሁድ ማታ

የፋውሉን ነገር ስፈራው የነበረ ነው፣ አወጣኸው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያ በ2023 ዲሞይን ላይ የተጫወተው ቡድን ቢቆይ ኖሮ ሰኞ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ኳስ አቀናባሪው ኤላይጃ ሃውኪንስ በዚያው በጋ ሚኒሶታ ሄደ። ስቲቭ ሴትል ቴምፕል ሄደ። ልጆቹን አልወቅሳቸውም፤ የተሻለ ጥሪ መጣላቸው፣ ሄዱ። ግን ትንሹ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ለፍቶ የሠራውን ትልቁ በአንድ የስልክ ጥሪ ይወስደዋል። ካንሳስ ተኳሽ ሲጎድለው ገበያ ይወጣል። ሃዋርድ የገበያው መደብ ላይ ነው የሚቀመጠው።

በ2020 ማኩር ሜከር ሃዋርድን ሲመርጥ ስንት ተስፋ አድርገን ነበር! አገር ሁሉ የሚፈልገው ልጅ ትልልቆቹን ትቶ ወደ እኛ መጣ። ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፣ ተጎዳ፣ በኮቪድ ምክንያት የቡድኑ ዓመት በአምስት ጨዋታ ተቋረጠ። አሁን ሃርፐርን ሳይ ደስታዬ ግማሽ ነው። ጎበዝ ከሆነ፣ ስንት ጊዜ ይቆይልን?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት
ሰኞ ጠዋት፣ ኖቬምበር 4

ሰላም ልጆች። እኔ ኳስ አላውቅም፣ ልጄ ሃዋርድ ሦስተኛ ዓመት ናት። ዛሬ ማታ ጓደኞቿ ጋ ሆና ጨዋታውን ታያለች፤ ነገ ደግሞ ካማላ ሃሪስ ግቢው ውስጥ የምርጫውን ማታ ስለምታሳልፍ መንገዱ ይዘጋል ይላሉ። ልጄን ማምጣት የምችለው በየት በኩል ነው? የሚያውቅ ካለ።

ጋሽ ታክሲ
ሰኞ

እህቴ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ በጆርጂያ አቬኑ በኩል በመኪና ለመጠጋት አይሞክሩ። ልጅዎ በእግሯ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ ትጠብቅዎት፣ ወይም በባቡር ትምጣ። ሃሪስ በ1986 ከዚያው የተመረቁ ስለሆነ ግቢው ሠርግ ቤት ነው የሚሆነው፤ ተማሪውም ቶሎ አይለቅም። እርስዎም ባይቸኩሉ ጥሩ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት
ሰኞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ለክትፎውም ልገምት እንዴ? ልጄ 79 ለ 70 በይ ብላኛለች። ማን እንደሚያሸንፍ ግን አልነገረችኝም።

ከባልቲሞር
ሰኞ

እማማ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። የእኔንም መዝግቡልኝ፦ ካንሳስ 77፣ ሃዋርድ 68። ሃዋርድ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ይመራል፤ ይሄን አትርሱ፣ ማታ አስታውሳችኋለሁ።

ሾላ ገበያ
ሰኞ

እኔ የት ነው የማየው? በቴሌቪዥን የለም አይደል?

ፒክ ኤንድ ሮል
ሰኞ

ኢኤስፒኤን ፕላስ ላይ ነው። ካልሆነልህ እዚሁ እጽፍልሃለሁ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ የማየው፣ ባለቤቴ ምርጫውን ነው የያዘችው።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ
ሰኞ ማታ

ስም እየተጠራ ነው። ጋዜጣው ወጥቷል። ነርሷ እንዳለችው፣ አንድም ሰው ቀና አላለም።

ከባልቲሞር
ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

87 ለ 57።

ስለ ሩብ ሰዓቱ እንዳትጠይቁኝ።

ቀዝቃዛ ውሃ
ሰኞ ሌሊት

ሰልፍ 590 ደረሰ። ዓርብ ኖርዝ ካሮላይና እዚያው ስለሚመጣ ብቻውን ሊወጣ ይችላል። 98 ያልኩት በዝቷል፣ ግን ሃዋርድን 55 ብያለሁ፤ በሁለት ነጥብ ነው የሳትኩት። ክትፎው የት ነው?

የካንሳስ ሲቲ ነርስ
ሰኞ ሌሊት

እኔም 55 ብያለሁ፤ ካንሳስን ደግሞ 92። አምስትና ሁለት፣ ሰባት። አንተ አሥራ አንድና ሁለት ነህ። ወንድሜ ቁጭ በል።

ፒክ ኤንድ ሮል
ሰኞ ሌሊት

ጋሽ ታክሲ 86 ለ 61 ብለዋል። አንድና አራት፣ አምስት። አለቀ።

ጋሽ ታክሲ
ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ ክትፎ ሐኪም ከልክሎኛል። ለነርሷ ይሁንላት፣ ዋሽንግተን ስትመጣ። እኔ ሽሮ ይበቃኛል፤ ግን ሒሳቡ የእናንተ ነው።